«ፐብሊሽድ» ይላል

ከሰው ሁሉ የሚያናድደኝ ሥራውን ሳይጨርስ «ጨርሻለሁ» የሚል ሰው ነው። ከማሽን ደግሞ ወርድፕረስ። ጽሑፉን ታስገባላችሁ፣ ፎቶውን ታስተካክላላችሁ፣ ከላይ ያለችውን ሰማያዊ ቁልፍ ትጫናላችሁ። ወዲያው «ፐብሊሽድ» ብሎ ያበስራችኋል። ደስ ብሏችሁ ስልክ አውጥታችሁ ድረ ገጹን ስትከፍቱ ጽሑፉ የለም። ሪፍሬሽ ታደርጋላችሁ፤ የለም። ወደ ኮምፒውተሩ ስትመለሱ አሁንም ዓይኑን በጨው አጥቦ «ፐብሊሽድ» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ይህን ጠባዩን ጠንቅቄ ያወቅሁት ቀጨኔ፣ በአንድ የሰፈር እድር ድረ ገጽ ምክንያት ነው። የእድሩን ስም አልጠራም። ብጠራው አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራብኛል።

ቀጨኔን ለማያውቅ፦ ከፒያሳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲወጡ፣ መድኃኔዓለምን ታክኮ ያለ ሰፈር ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ የኖሩበት። ቤታችሁ ያለው ጀበና ወይም ምጣድ ከዚህ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ገበያ ላይ ስትከራከሩ ያጥላላችሁት እሱ። ሰፈሩ በእጁ የዳሰሰውን ነው የሚያምነው። ድረ ገጽ ደግሞ አይዳሰስም።

እድሩም ያለ ድረ ገጽ የጎደለው ነገር አልነበረም። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ሰው የሚያካክሉ ድስቶች አሉት። ከሁሉም በላይ ጡሩምባ ነፊ አለው። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ተነሥቶ በየቅያሱ ይነፋል። ቀጥሎ «የእገሌ አባት አርፈዋል፤ ቀብር በሰባት ሰዓት፣ መድኃኔዓለም» ብሎ ይለፍፋል። አልሰማ ያለ ካለ አጥሩን ይደበድባል። ቤት ውስጥ መብራት ሲበራ ካላየ ንቅንቅ አይልም። እሱ መልእክቱ ወጣ ብሎ አይሄድም፤ ገባ ወይ ብሎ ነው የሚሄደው።

ችግሩ ጡሩምባው አሜሪካ አይሰማም። የአባላቱ ልጆች ብዙዎቹ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ናቸው፤ የወላጆቻቸውን መዋጮ የሚልኩትም እነሱ። ታዲያ «የሞተው ማነው? ብሩስ ምን ላይ ዋለ?» እያሉ ሌሊት መደወል አበዙ። ሌሊት የሚሆነው በእርግጥ ለእኛ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሰርቨር ተከራይቶ፣ ወርድፕረስ ጭኖ፣ የይለፍ ቃሉን በቴሌግራም ላከ። እኔም «ኮምፒውተር ይነካካል» በሚለው ስሜ ተጠራሁ። እንዲህ ያለ ስም ሰፈር ውስጥ ከወጣባችሁ አይለቃችሁም። ፕሪንተሩ ወረቀት የጎረሰበት፣ ስልኩ «ሞልቷል» ያለው፣ ፌስቡኩን የተሰረቀ ሁሉ ደጃችሁ ይሰለፋል።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ዋጋው ነበር።

«ነጻ ነው፣ ጋሼ።»

«ነጻ በሆነ ነገር ላይ እድሩ ማኅተሙን አያሳርፍም። የማን ነው?»

ከሥሩ ጀምሬ አስረዳኋቸው። ማት ሙለንወግ የሚባል አሜሪካዊ ልጅ የሚጽፍበት ቢቱ የሚባል ፕሮግራም ነበረው። የሠራው ሰው ድምፁን ሲያጠፋ ማይክ ሊትል ከሚባል እንግሊዛዊ ጋር ሆኖ ያንኑ አንሥተው አሻሻሉት። ወርድፕረስ ብለው ያወጡት እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 2003 ነው፤ በእኛ ግንቦት 19 ቀን 1995 ዓ.ም.። ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእሱ ነው የሚሠሩት።

«ያኔ ዕድሜው ስንት ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ወላጆቹ ያውቃሉ?»

የሚያውቁ ይመስለኛል አልኩና ሥራ ተጀመረ።

የመጀመሪያው ጣጣ በሰዓት መጣ። ጸሐፊያችን አማርኛ ያስተማሩ፣ ቃለ ጉባኤያቸው እንደ ብራና የሚያምር እናት ናቸው። የስብሰባውን ጥሪ ማታ ጽፈው፣ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንዲወጣ ቀጠሮ አስያዙት። ወርድፕረስ «ስኬጁል» የሚለው ነገር አለው፤ ጽፋችሁ ትተኛላችሁ፣ እሱ በሰዓቱ ያወጣዋል ይባላል። እሳቸውም 2:00 ብለው ሞሉ። ሁለት ሰዓት ሁለት ሰዓት ነው፤ ሌላ ምን ይሞላል?

ማሽኑ ግን ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። 2:00 ሲባል እኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የምንለውን ይሰማል። ያም ቢሆን የየት አገር ሌሊት? ወርድፕረስ ሲጫን ካልነገሩት በቀር ራሱን ዜሮ ላይ፣ ግሪንዊች አጠገብ ያስቀምጣል። እኛ ደግሞ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ሲደማመር የጸሐፊያችን የጠዋት ሁለት ሰዓት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሆነ። ይህስ አይከፋም ነበር፤ ጡሩምባ ነፊውም በዚያው ገደማ ነው የሚነሣው።

የከፋው በአሥራ አንድ ሰዓትም አለመውጣቱ ነው።

እዚህ ላይ ቀጨኔ ተቀምጦ የማይታመን ነገር ልንገራችሁ። ወርድፕረስ የራሱ ሰዓት ጠባቂ የለውም። ቀጠሮው የደረሰ ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን የሚያየው ሰው ድረ ገጹን ሲከፍት ነው። እንግዳ ደጁን ሲረግጥ ባንኖ ይነሣና «ለካ የማወጣው ነገር ነበረኝ!» ይላል። እንግዳ ካልመጣ እንቅልፉን ይለጥጣል። ብዙ ሰው የሚጎበኘው ጋዜጣ ቢሆን በየሴኮንዱ ስለሚቀሰቅሱት ማንም ልብ አይለውም። የእኛን እድር ገጽ ግን በዚያ ሌሊት ማን ይከፍታል? እናም ሰውን ኑ ብሎ የሚጠራው ጥሪ፣ ሰው እስኪመጣ ተጋድሞ ጠበቀ። በመጨረሻ ገንዘብ ያዡ የመዋጮ ዝርዝር ሊያዩ ሲከፍቱት ብድግ ብሎ ወጣ። ስብሰባው ከተበተነ ቆይቶ ነበር። የተሰበሰቡት ሁሉ ጡሩምባ የሰሙ ናቸው።

ሰዓቱን ማስተካከል ቀላል ነው፤ ሴቲንግ ገብቶ ከአፍሪካ ከተሞች ዝርዝር አዲስ አበባን መምረጥ። ጸሐፊዋን ማስተካከል ግን አልተቻለም።

«እትዬ፣ ሁለት ሰዓት ሲሉ ስምንት ብለው ይጻፉ። ስድስት ይጨምሩበት።»

«ለምን እኔ እጨምራለሁ? እሱ አይቀንስም?»

መልስ የለኝም። እስከ ዛሬም የለኝም።

ቀኑም እንደዚያው ነው። የእድሩ ዓመታዊ ጉባኤ ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። ቀን መምረጫው ውስጥ ያሉት ወራት ግን አሥራ ሁለት ናቸው። ሰብሳቢው በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ቆጥረው «አንዷ ጎደለች» አሉ፣ የሒሳብ ሰው አይደሉ። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ላይ እንደሚውል ስነግራቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ሩፋኤልን ያለ ጉባኤው ውሳኔ ያዛወረው ማነው?» አሉኝ።

የሰዓቱ እንኳ እንደ ምንም አለፈ። የሥልጣኑ ነው ያስቸገረው።

ወርድፕረስ ለሰው አምስት ማዕረግ ይሰጣል። ከታች ሰብስክራይበር አለ፤ ማንበብ ብቻ። ከእሱ በላይ ኮንትሪቢውተር፤ ይጽፋል፣ ማውጣት ግን አይችልም፣ ለበላይ ይልካል። ኦተር የራሱን ያወጣል። ኤዲተር የሰውንም ያርማል። ከሁሉ በላይ አድሚኒስትሬተር አለ፤ የፈለገውን ይሾማል፣ የፈለገውን ይሽራል። እኔ በየዋህነት ሰብሳቢውን አድሚን፣ ጸሐፊዋን ኤዲተር፣ ሌላውን የሥራ አመራር አባል ኮንትሪቢውተር እናድርግ ብዬ ሐሳብ አቀረብሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ገንዘብ ያዡ ዝግ ባለ ድምፅ «ሰብሳቢው እኔን መሰረዝ ይችላሉ ማለት ነው?» አሉ። ይችላሉ። «እኔስ እሳቸውን?» አይችሉም። ሳይመሽ ሁሉም አድሚን ሆኑ። ኦዲተሩም ጭምር። የድንኳን ንብረት ያዡም ጭምር።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሁሉም ማውጣት ይችላሉ፤ አንድም የሚያወጣ የለም። «ሰብሳቢው ይዩት» ይባላል። ሰብሳቢው «ጸሐፊዋ ሰዋስውን ይመልከቱት» ይላሉ። ጸሐፊዋ «የብሩን መጠን ገንዘብ ያዡ ያረጋግጡ» ይላሉ። በዚህ መሐል ድራፍት የሚባለው ሳጥን ጢም ብሎ ሞላ። አንድ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ለሠልስት የላከው ምስጋና ጸድቆ የወጣው ለአርባው ድንኳን ሲተከል ነው። «ማሽኑ ዘገየ» ተብሎ ይቅርታ ተጠየቀ። ምስኪን ማሽን! በዚህስ ንጹሕ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ሰው አንድ ጽሑፍ ከፍቶ ሳለ ሌላው ሊከፍት ሲል «እገሌ እያረመው ነው» ይልና «ቴክ ኦቨር» የሚል ቁልፍ ያቀርባል። ንጠቀው እንደ ማለት። ጸሐፊዋና ገንዘብ ያዡ በአንድ ቢሮ፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ አንድ የስብሰባ ጥሪ ሲነጣጠቁ አየሁ። አንዳቸውም ዞረው «ይተዉልኝ» አላሉም። ከምሳ በፊት ሰላምታ የተለዋወጡ ሰዎች ናቸው።

የፊደሉን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ እሱ ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል። የእድሩ የድሮ ሰነድ የተተየበው በኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት፣ በቆየው ፓወር ግዕዝ ነው። ያ ዘመን ፊደላችን የራሱ ቦታ ያልነበረው ጊዜ ነው። የላቲኑን ፊደል ቦታ ተከራይቶ፣ መልኩን ለውጦ ነበር የሚታየው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ አሮጌው ሰነድ ግን ይህን አልሰማም። መተዳደሪያ ደንቡን ገልብጠው ድረ ገጹ ላይ ቢለጥፉት የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጅ «ሃክ ተደረግን» ብሎ ሌሊት ደወለ።

ፍለጋው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጸሐፊዋ መድኃኔዓለም ብለው ይጽፋሉ፣ እንደ ወጉ። ገንዘብ ያዡ መድሀኔአለም። የገንዘብ ያዡ ልጅ መድሃኒያለም። ማሽኑ ሀን ከኃ፣ አን ከዓ አያዛምድም፤ ለእሱ ሦስት የተለያዩ ደብሮች ናቸው። አንዱን ሲፈልጉ የሌላውን ቀብር ይደብቃል።

ከሊንኩ ጋር ግን እኔም ተጣልቻለሁ። ወርድፕረስ ርእሱን ወስዶ አድራሻ ያደርገዋል። አድራሻው ውስጥ አንዱ ፊደላችን ወደ ፐርሰንት ምልክትና ወደ ፈረንጅ ፊደልና ቁጥር ሲመነዘር ዘጠኝ ምልክት ይፈጃል። የተፈቀደው ርዝመት ደግሞ 200 ምልክት ነው። ብታካፍሉት ሃያ ሁለት ፊደል ገደማ ነው የሚይዘው። የእኛ የሐዘን ርእስ «ለተከበራችሁ የእድራችን አባላት በሙሉ» ብሎ ነው የሚነሣው። የሟች ስም ሳይደርስ አድራሻው ያልቃል። እናም ለሰው ሁሉ የሚደርሰው፣ ማን እንደ ሞተ የማይናገር፣ ፐርሰንት በፐርሰንት የሆነ እንደ ባቡር የረዘመ ነገር ነው። መድኃኒቱ አድራሻውን በእጅ ማሳጠር ነው፤ ጸሐፊዋ ግን ማሳጠር ሟችን ማዋረድ ይመስላቸዋል።

አንድ ቀን ገጹ ነጭ ሆነ። ስሕተት አይል፣ ይቅርታ አይል፣ ዝም ያለ ነጭ። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም። ሰብሳቢው ስልካቸውን እያገላበጡ «ወረቀቱ አለ፣ ጽሑፉን ማን አነሣው?» ይላሉ።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፕለጊን ነው። ፕለጊን በወርድፕረስ ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ዕቃ ነው፤ ብዙው ነጻ፣ ማንም የሚሠራው። የገንዘብ ያዡ ልጅ ደግሞ ሁሉ አማረሽ ነው። የሻማ ብርሃን የሚያንቀጠቅጥ ሰክቷል። ጎብኚ የሚቆጥር ሰክቷል። ሐዘን በተጻፈበት ገጽ ላይ «ላይክ» የሚያስደርግ ሁሉ ሰክቷል። ሰርቨሩ ሲታደስ ከእነዚህ አንዱ አብሮ ሳይታደስ ቀርቶ ቤቱን ይዞ ወደቀ። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የፕለጊኖቹን አቃፊ ስም ቀይሮ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማጥፋት፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያበሩ በየትኛው ላይ እንደሚወድቅ መጠበቅ።

ይህን ስሠራ ከኋላዬ ቆመው የሚያዩ የእድሩ ዕቃ ግዢ ኃላፊ፣ ሸክላ ሠሪ ናቸው። የሸክላ ሰው ጀበና ሲገዛም ሲሸጥም በጣቱ ያንኳኳዋል። ጥርት ያለ ከጮኸች ደህና፤ ድፍን ካለች የማይታይ ስንጥቅ አለባት።

«ይሄንንስ በምን ታንኳኩታላችሁ?» አሉኝ።

«እያጠፋን እያበራን ነው፣ እትዬ። ይኸው የሻማው ነው የጣለው።»

«አሃ። ልጄ፣ ጀበና የምትቀዳው በአንድ አፍ ነው። ሰባት አፍ ብታወጣላት በየትኛው ልትቀዳ ነው?»

ስለ ፕለጊን ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ልጁ ግን ሻማውን በሌላ ሻማ ተካው።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ፤ ወደ ካሹ።

ካሽ ማለት ገጹ እንዲፈጥን አንድ ጊዜ የተዘጋጀውን ቅጂ አስቀምጦ ለመጣው ሁሉ እሱኑ ማደል ነው። ሰርቨሩ ያስቀምጣል፤ የየሰው ስልክም ለራሱ ያስቀምጣል። ባለቤቱ ውስጡን ቢያርም፣ ቅጂው እስኪጸዳ ድረስ ሰው የሚያየው የትናንቱን ነው። እንግዲህ አንድ አባል አጎታቸው ገጠር ያርፋሉ። ጸሐፊዋ በችኮላ ርእሱ ላይ የአባሉን ስም አስቀድመው፣ «አጎት» የምትለዋ ቃል ከርእስ ወደ ታች ወረደች። ሊንኩ በቴሌግራም ተበተነ። ስሕተቱ ታየ፣ ወዲያው ታረመ፣ ማሽኑም «አፕዴትድ» አለ። ዳሽቦርዱ ላይ አባሉ በሕይወት አሉ። በሰው ሁሉ ስልክ ላይ ግን ሞተዋል።

ከአሜሪካ ልቅሶ መጣ። ከሽሮ ሜዳ የሥጋ ዘመድ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ሰውየው ራሳቸው በራቸውን ሲከፍቱለት ደንግጦ የሆነውን ተናገረ። ከራት በፊት እድሩ ቢሮ ገቡ። ሰብሳቢው «ታርሟል፣ ታርሟል» እያሉ ኮምፒውተሩን ያሳዩአቸዋል። እሳቸው የገዛ ስልካቸውን አውጥተው የገዛ ሞታቸውን ያሳያሉ።

«በእኛ ዘንድ በሕይወት ነህ» አሉ ሰብሳቢው።

«በእናንተ ዘንድ መኖሬ ምን ይጠቅመኛል? በእኅቴ ዘንድ ሞቻለሁ!»

ካሹ ጸዳ። የእኅትየው ስልክ ግን ሪፍሬሽ እስኪደረግ ሰውየው እሷ ዘንድ እንደ ሞቱ አደሩ። በመጨረሻ ነገሩን ያበረደው ጡሩምባ ነፊው ነው። ያን ማታ ያለ ልማዱ ወጥቶ፣ በየቅያሱ፣ «እገሌ አልሞቱም! የሞቱት አጎታቸው ናቸው! ልብ በሉ!» ብሎ ለፈፈ። በዚያ ሰፈር ጡሩምባ ለሕይወት ሲነፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ይላሉ።

ለነገሩ ሰብሳቢው ጉግል ላይስ እድሩ ለምን አይገኝም ብለው ሲጠይቁኝ፣ ሴቲንግ ውስጥ «የፍለጋ ሞተሮች ይህን ገጽ እንዳይመዘግቡ» የምትል ትንሽ ሳጥን ላይ ራይት ተደርጎ አገኘሁ። ድረ ገጽ ገና ሲሠራ ሰው እንዳያየው የሚደረግ ነው። ሲያልቅ ይነሣል። ያነሣ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ንትርክ፣ ያ ሁሉ ማጽደቅ፣ በተዘጋ በር ውስጥ ነበር።

በቅርቡ በተደረገው ስብሰባ ገንዘብ ያዡ ከቀብር የቀሩ ሰዎች የቅጣት ዝርዝር አቀረቡ። አንዱ ተነሥተው «አልሰማሁም» አሉ። «ድረ ገጹ ላይ ወጥቷል» ተባሉ። «ወጥቷል እንጂ መቼ ነገራችሁኝ?» አሉ። ደንቡ ተገለጠ። ደንቡ «በጡሩምባ የተነገረው» ይላል፤ ስለ ፐብሊሽድ የሚለው የለም። ቅጣቱ ተሰረዘ።

ከዚያ ወደ መፍትሔ ተገባ። ቀጠሮ የተያዘለት ማስታወቂያ በሰዓቱ እንዲወጣ ሰርቨሩ ራሱ በየጊዜው ወርድፕረስን እንዲቀሰቅስ ማድረግ ይቻላል። የሰርቨሩ ዋና ቁልፍ ያለው ግን አሌክሳንድሪያ፣ ሰርቨሩን በተከራየው ልጅ እጅ ነው፤ ልጁ የሌሊት ሥራ ስለ ጀመረ ስልክ አያነሣም። እስከዚያው አንድ አስተማማኝ ሰው ጠዋት ጠዋት ድረ ገጹን ቢከፍት ይበቃል አልኩ። በቤቱ ውስጥ ጠዋት በመነሣት የሚታወቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

ጡሩምባ ነፊው ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«ስከፍተው ማስታወቂያው ይወጣል?»

«ይወጣል።»

«እኔስ፣ መንፋት አቆማለሁ?»

«ኧረ በመድኃኔዓለም!» አሉ ሰብሳቢው። «ትነፋለህ እንጂ!»

«እንግዲያስ ሥራው ሁለት ነው። ደመወዙም ሁለት ይሁን። የኢንተርኔት ካርዱ ለብቻ።»

ገንዘብ ያዡ መነጽራቸውን አውልቀው ያብሱ ጀመር። ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ቆይቶ፣ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ እንዲተላለፍ ተወሰነ። ጸሐፊዋም የዚያን ስብሰባ ጥሪ ያኔውኑ ጽፈው፣ በዕለቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንዲወጣ ድረ ገጹ ላይ ቀጠሮ አስያዙት።